መስተዋትና ሐሰተኛ ምስክር፤ ስለ ውበት ማስታወቂያ ለክርስቲያን ቤት የተጻፈ ምክር

ስለ ሴት ልጅ ጌጥ የሚሰበከውን ስብከት ከዚህ ቀደም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሰባኪው ቆሞ የጠጕሯን አሠራር፥ የጥፍሯን ቀለም፥ የከንፈሯን ቅባት እያነሣ ይወቅሳታል፤ እርስዋም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች፤ ወንዶቹም ነገሩ እነርሱን የማይነካ መስሏቸው ደስ እያላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እኔ በዚህ ትንሽ ጽሑፍ ያንኑ ስብከት ልደግም አልተነሣሁም። በአደባባይ ሙግት ሲቆም ዳኛው ምስክሮቹን ሳይሰማና ሳይመረምር አይፈርድም። እኔም ስለ ሴት ልጅ መልክ በየቀኑ የሚመሰክረው ምስክር ማን እንደ ሆነ፥ ቃሉም እውነት ወይም ሐሰት እንደ ሆነ አብራችሁኝ እንድትመረምሩ እለምናችኋለሁ።

ያ ምስክር ማስታወቂያ ነው። በመንገድ ዳር በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ፥ በቴሌቪዥን ተቀምጦ፥ ይልቁንም በእጃችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ ገብቶ፥ ከማለዳ እስከ መኝታ ሰዓት ድረስ ይናገራል። ቃሉም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቃል «ይህችን ሴት ተመልከቺ፤ ቈንጆ ማለት እርስዋ ናት» የሚል ነው። ሁለተኛው ቃል በአፍ አይነገርም፥ በልብ ብቻ ይሰማል፤ እርሱም «አንቺ እንዲህ አይደለሽም» የሚል ነው። ሽቱውንም፥ ቅባቱንም፥ የሚያከሳውንም ክኒን የሚሸጠው ይህ ሁለተኛው ቃል ነው። በመልኳ የረካች ልጅ ብዙ አትገዛምና፤ በራስዋ ያፈረች ግን ሳትጠራ ወደ ሱቁ ትመጣለች። ስለዚህ ነጋዴው ኀፍረቱን በነጻ ያድላል፤ መድኃኒቱን በዋጋ ይሸጣል።

በሲና ተራራ ለሙሴ ከተሰጡት ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ይህን ትእዛዝ ስናነብ በፍርድ ቤት ቆሞ በሐሰት የሚምለው ሰው ብቻ በዐይናችን ይመጣብናል። ነገር ግን ፈጣሪ በገዛ አምሳሉ ሠርቶ የወደደውን ሥራ «ጐደሎ ነው» ብሎ ለባለቤቲቱ የሚነግራት፥ ጐደሎውንም በገንዘብሽ እሞላልሻለሁ የሚላት ሰው፥ በባልንጀራው ላይ በሐሰት አልመሰከረምን? የሸክላ ሠሪዋን ገንቦ የሚያንቋሽሽ ሰው ነገሩ ከገንቦው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሠሪዋም ጋር ነው።

ይህ የንግድ ልማድ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ልናገር፤ ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ። ጂሌት የተባለው የአሜሪካ የምላጭ ኩባንያ በ1915 ለሴቶች የሚሆን ምላጭ አወጣ። እጅጌ የሌለው ልብስ በሚለመድበት በዚያ ዘመን፥ የመጽሔት ማስታወቂያዎች በብብት ውስጥ የሚበቅለው ጠጕር ለሴት ነውር እንደ ሆነ ማስተማር ጀመሩ። ጠጕሩ ዱሮም ነበረ፤ ኀፍረቱ ግን አዲስ ነበረ። ሊስተሪን የተባለው ፈሳሽ በ1879 ሲሠራ ሐኪሞች ተውሳክን ለማጥፋት የሚጠቀሙበት መድኃኒት ነበር፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ግን ባለቤቶቹ ለአፍ ጠረን የበሽታ ስም የሚመስል ቃል ፈልገው አመጡለትና፥ ባል ሳታገኝ የቀረች ልጃገረድን ሥዕል እያሳዩ፥ ጥፋቱ የአፏ ጠረን ነው፥ ወዳጆቿም አይነግሯትም እያሉ ጻፉ። በ1928 ደግሞ ላኪ ስትራይክ የተባለው የሲጋራ ማስታወቂያ ሴቶች እንዳይወፍሩ በጣፋጭ ፈንታ ሲጋራ እንዲያነሡ መከራቸው። ወገብን ለማቅጠን ሳንባን የሚያቃጥል ምክር ነበር። በ1933 ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ከተቀቡት ሴቶች መካከል ዐይኗ የጠፋ፥ የሞተችም ተገኘች፤ የአሜሪካ መንግሥት መዋቢያዎችን የሚቈጣጠርበትን ሕግ በ1938 ያወጣው ከእንዲህ ያለው ጕዳት በኋላ ነው።

ይህን ስል ጌጥ ሁሉ ኀጢአት ነው የምል አይምሰላችሁ። እናቶቻችን ዐይናቸውን ኩል ተኵለዋል፤ እጃቸውንና እግራቸውን እንሶስላ ሞቀዋል፤ ጠጕራቸውንም ቅቤ ተቀብተው ሹሩባ ተሠርተዋል። ነገር ግን አስተውሉ። ሹሩባዋን የሠራቻት ጎረቤቷ ናት፤ ራስዋን በጕልበቶቿ መካከል ይዛ፥ እየተጫወተች፥ ቡናው እየፈላ ሠራቻት። የተሠራችውም ለበዓል ወይም ለሠርግ፥ ከብዙ ሰው ጋር ለምትደሰትበት ቀን ነው። ከጎረቤቷ ጕልበት የተነሣች ልጅ ደስ ብሏት እንጂ ራስዋን ጠልታ አልተነሣችም። የድድ ንቅሳትም እንዳለ አልዘነጋሁም፤ መርፌውም ያማል፤ የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር ብዬ አልከራከርም። የምለው በደስታ ማጌጥና በኀፍረት መቀባት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው ነው፤ ምንም እንኳ ሁለቱ በአንድ ብልቃጥ ቢገኙ።

ስለ አስቴር የሚጠይቀኝም አይጠፋም። በፋርስ ንጉሥ ቤት ቈነጃጅቱ 12 ወር ሙሉ፥ ስድስቱን ወር በከርቤ ዘይት፥ ስድስቱን ወር በሽቱ፥ ይታሹ እንደ ነበር ተጽፏል። ይህ የተጻፈው የዚያን ቤት ሥርዓት እንድናውቅ ነው እንጂ እንድንከተለው አይደለም። ሴትን ዓመት ሙሉ አሽቶ ካላየ የማይበቃው ንጉሥ፥ የመጀመሪያይቱን ሚስቱን መልኳን ለሰካራሞች አላሳይም ስላለች ያባረረ ያው ንጉሥ ነው። አስቴር ተራዋ በደረሰ ጊዜ ጠባቂው ካዘዘላት በቀር ምንም አልጠየቀችም፤ ሕዝቧንም ያዳነች ሦስት ቀን ጾማ፥ ሞትን ቈርጣ፥ ሳትጠራ በመግባቷ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልነግራችሁ ወደምሻው ነገር እመጣለሁ፤ እርሱም በፊጂ የሆነው ነው። ፊጂ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች የደሴቶች አገር ናት። የአገሩ ሰዎች ጠንካራና ሞላ ያለ ሰውነት ይወዱ ነበር፤ ማዕድ ሲቀርብ እርስ በርሳቸው ብሉ ብሉ ይባባላሉ፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ የከሳ እንደ ሆነ ዘመዶቹ ያፍራሉ፥ ይጨነቃሉ፤ መክሳት ሰውን በሚገባ ያልጠበቁ ቤተ ሰቦች ምልክት ነበርና። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም አገር ከሩቅ የመጣችውን ልጅ እናቷ ጕንጯን ይዛ «ከሳሽብኝ» ትላታለች፤ ጕርሻንም በጕርሻ ላይ ትደርብላታለች።

በ1995 ናድሮጋ ወደምትባለው የፊጂ ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ገባ። የሚታይበትም ነገር አብዛኛው ከውጭ አገር የመጣ ነበር። የአእምሮ ሐኪምና የሰዎችን ባህል መርማሪ የሆነችው አሜሪካዊቱ አን ቤከር ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 63 ልጃገረድ ተማሪዎችን ስለ አበላላቸውና ስለ ሰውነታቸው ጠየቀች፤ በ1998 ደግሞ ሌሎች 65 ልጃገረዶችን እንዲሁ ጠየቀች። አበላላቸው ወደ መታወክ ያዘነበለው በመጀመሪያው ጊዜ ከመቶ 12.7 ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 29.2 ሆኑ። ሰውነቷን ለማክሳት ብላ የበላችውን በገዛ እጅዋ የምታስመልስ በ1995 አንዲትም አልተገኘችም፤ በ1998 ከመቶ 11.3 ተገኙ። በዚሁ ዓመት ከተጠየቁት ከመቶ 74ቱ ከመጠን በላይ የወፈሩ እንደሚመስላቸው ተናገሩ። ጥናቱም በ2002 ታተመ።

የተጠየቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የፊተኞቹና የኋለኞቹም ልጆች አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ በዚህ ጥናት ብቻ ነገሩ ሁሉ ተፈታ የሚል ሰው ይቸኩላል። በሳጥኑ ውስጥ የታየውም የሽያጭ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፥ ቲያትርም ነበረበት የሚል ይኖራል። ይህም እውነት ነው። ዳሩ ግን በቲያትሩ የምትጫወተዋን ሴትና ሳሙናውን የምትሸጠዋን ሴት የመረጣቸው አንድ መስፈሪያ ነው፤ የምታየዋም ልጅ ሁለቱን ለይታ አታያቸውም።

እኔ ያን ቍጥር ባነበብሁ ጊዜ ያሰብሁት ስለ ማዕዱ ነው። እናት ከማለዳ ጀምራ የለፋችበትን ምግብ ታቀርባለች፤ ልጅቱም ትቀመጣለች፥ ከሁሉ ጋር ታመሰግናለች፥ ትበላለች፥ ከዚያም ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄዳ በጣቷ ታወጣዋለች። ማንም ወደዚያ ቤት ገብቶ አልሰደባትም። አባቷ ወፍራም ነሽ አላላትም። እናቷም የምታውቀው ልጅዋ መብላቷን ብቻ ነው። የሕይወት እንጀራ ለአንዲት ልጅ እንደ በደል ሆኖ የሚታያትን ያህል ምን ያለ ቃል ተነገራት?

በእኛ ዘንድ ደግሞ ለዚህ ደዌ የተዘጋጀ መሸሸጊያ አለ። የጾም ቀናችን ብዙ ነውና፥ ራስዋን የምታስርብ ልጅ «ጾም ነኝ» ብትል ማንም አይጠረጥራትም፤ እንዲያውም ይመርቋታል። ወላጆች ሆይ፥ ለዩ። ጾም በእግዚአብሔር ፊት ነው፤ ይህኛው ረኃብ ግን በመስተዋት ፊት ነው። ጾመኛ ሰው ከማዕዱ የራቀው ለድኻ እንዲተርፍ፥ ነፍሱም እንድትጸልይ ነው፤ ይህች ልጅ ግን ስትራብ ስለ ራስዋ ብቻ ታስባለች፥ ጸሎትም ያቅታታል። ጾም ሲፈታ ይበላል፥ ይደሰታል፤ ይህ ረኃብ ግን ፋሲካ የለውም። ልጃችሁ በፋሲካ ማለዳ ዶሮው ሲቀርብ ፊቷ የጠቈረ እንደ ሆነ፥ የወር አበባዋም የተቋረጠ እንደ ሆነ፥ ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ይህ ሕመም የሚገድል ሕመም ነውና በምክር ብቻ አትያዙት።

የሥዕሉን እውነትነት ደግሞ እንመርምር። በ2011 በእንግሊዝ አገር ማስታወቂያን የሚቈጣጠረው ማኅበር የሎሬያል ኩባንያ የሆኑ ሁለት ማስታወቂያዎችን ከለከለ። በአንደኛው የታየችው ጁልያ ሮበርትስ ናት፤ በሁለተኛው ክሪስቲ ተርሊንግተን። ሁለቱም በመልካቸው በዓለም ሁሉ የታወቁ ናቸው። ሥዕሎቹ ከተነሡ በኋላ ተስተካክለው ነበርና፥ ኩባንያው የሚታየው ፊት የቅባቱ ሥራ እንጂ የኮምፒዩተር ሥራ እንዳልሆነ ለማስረዳት አልቻለም። አስቡት፤ ጁልያ ሮበርትስ ራስዋ ጁልያ ሮበርትስን ለመምሰል አልበቃችም። እንግዲህ በደብረ ማርቆስ ወይም በደሴ በአንዲት ክፍል ተቀምጣ ያን ሥዕል የምታይ ተማሪ ከማን ጋር ትወዳደራለች? ከሴት ጋር እንዳትሉ፤ ያች ሴት በምድር ላይ የለችም።

አንዳንድ መንግሥታት ይህን አይተው ሕግ አውጥተዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት እስራኤል በ2012 ባወጣችው ሕግ ከልክ ያለፈ የከሱ ሴቶች ለማስታወቂያ እንዳይቀጠሩ ከለከለች፤ ሰውነትን አቅጥኖ የሚያሳይ ሥዕልም እንደ ተስተካከለ በላዩ እንዲጻፍበት አዘዘች። ፈረንሳይም ከጥቅምት 2017 ጀምሮ እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንዲደረግ አዘዘች፥ የሚተላለፈውንም 37,500 ዩሮ መቀጫ ወሰነችበት፤ ኖርዌይ በ2022 ተከተለች። ሕጉን አመሰግናለሁ፤ ሐሰተኛውን በአደባባይ ሐሰተኛ ብሎ መጥራት መልካም ነውና። ነገር ግን ብዙ ጥናቶች እንዲህ ያለው ጽሑፍ የልጃገረዶችን ኀዘን እምብዛም እንደማያቀልል አግኝተዋል። «ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» እንላለን፤ በዚህ ነገር ግን ዐይን ባየ ጊዜ ልብ ወዲያው ፈርዷል፥ ማስተዋል የሚያነበው ትንሽ ጽሑፍ የሚደርሰው ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

በስልክ ውስጥ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። በ2021 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ የፌስቡክ ኩባንያ በራሱ ሰዎች ያስጠናውን ጥናት ገለጠ፤ በዚያም ውስጥ ስለ ሰውነታቸው ከሚከፋቸው ልጃገረዶች ከመቶ 32ቱ ኢንስታግራም የባሰ እንዳስከፋቸው ተናግረው ነበር። ቀድሞ ልጅቱ ከእንግዳ ሴት ጋር ትወዳደር ነበር። አሁን ግን ስልኩ የገዛ ፊቷን ወስዶ፥ ቈዳዋን አቅልቶ፥ አፍንጫዋን አቅጥኖ፥ ዐይኗን አስፍቶ ይመልስላታል፤ እርስዋም ይህን ለወዳጆቿ ትልካለች፥ ምስጋናም ትቀበልበታለች። ከዚያም ወደ መስተዋቱ ስትሄድ የምታገኛት ሌላይቱን ናት። ከማትኖር መንትያ እኅቷ ጋር ትሟገታለች፤ ዳኛውም ምስክሩም እርስዋው ሆናለች።

ስለ ቈዳ ቀለምም እናገራለሁ፤ ይህ ነገር ቤታችንን አጥብቆ ይነካልና። በሕንድ አገር በ1975 ፌር ኤንድ ላቭሊ የተባለ ፊትን አቀላለሁ የሚል ቅባት ለገበያ ወጣ። ከማስታወቂያዎቹ በአንደኛው አንድ ድኻ አባት ወንድ ልጅ ባለመውለዱ ሲያዝን ይታያል። ጠይሚቱ ልጁም ይህን ትሰማለች፤ ቅባቱን ትቀባለች፥ ፊቷ ይቀላል፥ በአውሮፕላን አስተናጋጅነት ትቀጠራለች፥ አባቷም ደስ ይለዋል። የአገሩ የሴቶች ማኅበር አጥብቆ ስለ ተቃወመ ማስታወቂያው በ2003 ተነሣ። በ2020 ደግሞ ስለ ዘር አድልዎ በዓለም ሁሉ ጩኸት በተነሣ ጊዜ ኩባንያው የቅባቱን ስም ለወጠ፤ ቅላትን የሚያመለክተውን ቃል አውጥቶ ብርሃንን የሚያመለክት ቃል አገባበት። ስሙ ተለወጠ፤ ቅባቱ ግን በሱቁ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ደቡብ አፍሪካ ከዚህ በፊት የጠነከረ ነገር አድርጋለች። ፊታቸው ቀልቶ ሳይሆን በመድኃኒቱ ጠቍሮና ሻክሮ የተበላሸባቸውን ብዙ ሴቶች ያዩ ሐኪሞች ከታገሉ በኋላ፥ በ1990 መንግሥቱ ሃይድሮኪኖንን ከገበያ መዋቢያዎች አስወጣ፤ ማናቸውም መዋቢያ ቈዳ አቀላለሁ ወይም አነጣለሁ ብሎ እንዳይናገርም ከለከለ። ቅባቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ከለከሉ ማለት ነው። ይህ ጥበብ ነው።

«እኛ ኢትዮጵያውያን በመልካችን አናፍርም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲህ የሚለውን ሰው በሠርግ ቤት ተቀምጦ እንዲያዳምጥ እለምነዋለሁ። ሙሽራዪቱ ስትገባ የመጀመሪያው ወሬ ምንድር ነው? «ቀይ ናት» ሲባል እንደ ምርቃት ይነገራል፤ «ጠይም ብትሆንም ታምራለች» ይባላል። ያ «ብትሆንም» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ለሠርጓ ቀን ፊቷን የሚያቅቡላት ሰዎች ከአንገቷ ቀለም ሁለት ደረጃ የቀላ ዱቄት ያደርጉላታል፥ ፎቶግራፍ አንሺውም የቀረውን ይጨምራል፤ በመኃልየ መኃልይ ስለ ጥቁረቷ ሳታፍር የምትናገረው ሙሽራ ወደ ሠርጋችን ብትመጣ እርስዋንም ሳንለውጣት አናሳልፋትም ነበር።

ደግሞ እንዲህ የሚል ይኖራል፤ «ዘመኑ ተሻሽሏል፤ አሁን ማስታወቂያው ጥቁሯንም ወፍራሟንም ያሳያል»። በ2003 የአዲስ አበባዋ ልጅ ሊያ ከበደ የኤስቴ ላውደር ኩባንያ ማስታወቂያ ፊት ሆና መመረጧ፥ በዚያ ቤት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያይቱ መሆኗም እውነት ነው፤ ይህም ለብዙ ልጆች ደስታ ነበር፥ እኔም ደስታቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ከሺሕ አንዲት የምታገኘው መልክ ለቀሩት 999 ምን ይሰጣቸዋል? የመለኪያውን ቀለም ለወጡ፥ መለኪያውን ግን አልጣሉም። በ2006 ደቭ የተባለው ሳሙና ባለቤቶች የአንዲት ሴት ፊት በቀለምና በኮምፒዩተር እንዴት እየተለወጠ በመንገድ ሰሌዳ ላይ እንደሚሰቀል የሚያሳይ አጭር ፊልም አወጡ፤ ሰውም አመሰገናቸው። የዚያ ሳሙና ባለቤት ዩኒሊቨር ነው፤ በሕንድ አገር የሚያቀላውን ቅባት ይሸጥ የነበረውም ይኸው ዩኒሊቨር ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ አንድ ምንጭ የጠየቀው ጥያቄ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነጋዴውን እናሳድደውን? ሰሌዳውን እናፍርሰውን? ይህ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ሌላ ነው። የሙሴ ሕግ በአንድ ምስክር ብቻ በሰው ላይ እንዳይፈረድ ያዝዛል፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ምስክር መቆም አለበት። ማስታወቂያው አንድ ምስክር ነው። የሕንዱን ማስታወቂያ የሠሩት ሰዎች ይህን ዐውቀው የልጅቱን አባት በውስጡ አቆሙት፤ እንግዳው የሚናገረውን አባቷ ካልደገመው ነገሩ በልቧ እንደማይጸና ተረድተውታልና። በእኛም ቤት ሁለተኛው ምስክር እስኪገኝ ድረስ ክሱ አልጸናም። ሁለተኛው ምስክር ማን ነው?

አንተ ተማሪ፥ እኅትህ በመስተዋት ፊት ስትቆም «በሬ አከለች» ብለህ የምትቀልድ፥ ሁለተኛው ምስክር አንተ ነህ። አንቺ አክስት፥ ከክረምት በኋላ ያየሻትን ልጅ ሳትስሚያት «ምነው ጠቈርሽ?» የምትዪ፥ አንቺ ነሽ። ሚስት የምትፈልግ ወንድም፥ ለሽማግሌ ስለ ሃይማኖቷና ስለ ጠባይዋ ሳትጠይቅ ስለ ወገቧና ስለ ቀለሟ የምትጠይቅ፥ ደግሞም እግዚአብሔርን በዚሁ ጕዳይ በጸሎት የምታስጨንቅ፥ አንተ ነህ። አንተም ቀጣሪ፥ ሒሳብ ለምትጽፍ ወይም እንግዳ ለምትቀበል ሠራተኛ በማስታወቂያህ «መልከ መልካም» የሚል ቃል የምትጨምር፥ ወረቀቱን ከመለጠፍህ በፊት ያን ቃል ሰርዘው፤ የምትቀጥረው እጅዋንና አእምሮዋን ነውና።

እናት ሆይ፥ ከሁሉ የሚከብደው ቃል የአንቺ ነው፤ እርሱም ስለ ልጅሽ የምትናገሪው ብቻ አይደለም፥ ስለ ራስሽም የምትናገሪው ነው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅሽ አጠገብሽ ቆማ ሳለች በመስተዋት ፊት ሆድሽን ይዘሽ «ተበላሸሁ» ስትዪ ትሰማሻለች። ያ ሆድ እርስዋ የተሸከመችበት ሆድ ነው። የተበላሸው በእርስዋ እንደ ሆነ ታስባለች።

አንቺም እኅቴ፥ ይህን ጽሑፍ ከወንድምሽ እጅ ወስደሽ የምታነቢ፥ ለአንቺ ወቀሳ አላመጣሁም። ሐሰት የተመሰከረበት ሰው አይወቀስም፥ ይከላከሉለታል እንጂ። ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ ቁመናው ያማረውን የበኵር ልጅ አይቶ ሊቀባው ቸኵሎ ነበር፤ ነቢዩም እንኳ በዐይኑ ተሳስቷልና እግዚአብሔር ከለከለው። የነቢይ ዐይን ከተሳሳተ የነጋዴ ዐይን እንዴት ዳኛ ይሆናል? በእጅሽ የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። ስልክሽን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ካየሻቸው በኋላ ራስሽን እንድትጠዪ የሚያደርጉሽን ገጾች አንድ በአንድ አስወግጂአቸው። ሰዓት አይፈጅብሽም። ፊትን የሚለውጠውንም መሣሪያ አጥፊው፤ ወዳጆችሽ የሚያውቁትን ፊት ይዩ።

በመጨረሻም ስለ ማሰሮው። አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፥ ዛሬ ሜርኩሪ የሚባለው መርዝ፥ ቈዳን በሚያቀሉ ብዙ ቅባቶችና ሳሙናዎች ውስጥ ተገኝቷል። ኵላሊትን ይጐዳል፥ ነርቭንም ያውካል፤ እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ጕንጯን የሚነካውንና በአልጋዋ የሚተኛውን ሕፃን ይደርስበታል። በ2013 በሚናማታ ስም የተደረገው የመንግሥታት ስምምነት፥ በዚያች የጃፓን ከተማ በሜርኩሪ ያለቁትን ሰዎች መታሰቢያ አድርጎ፥ እንዲህ ያለውን መዋቢያ ከዓለም ገበያ ለማስወጣት ቃል ገብቷል፤ ቅባቱ ግን ዛሬም በሻንጣና በመልእክት ይገባል። ስለዚህ በቤታችሁ ያለውን ማሰሮ አንሥታችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ምን እንደ ተቀመመበት ያልተጻፈበት ከሆነ ተዉት። ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ካለበት ተዉት። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ አንድ ሌላ ምልክት ይነግረናል፤ ከወርቅ፥ ከብርና ከጌጣጌጥ አርቁት የሚል ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ቅባት ሜርኩሪ ሳይኖርበት አይቀርም። የቃል ኪዳን ቀለበቷን እንዳያበላሽባት አውልቃ የምትቀባው ቅባት በፊቷ ላይ ይውላል።

እንዲህ ያለ ማሰሮ ያገኘችው ሴት ከነክዳኑ ይዛው ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ስንት ወር እንደ ተቀባችም ሳትደብቅ ትንገረው፥ ኵላሊቷን እንዲመረምርላት። በምትነግረው ጊዜ አብሯት የሄደ ባሏ ወይም ወንድሟ ዝም ብሎ ይስማ።